ልጄን አሳርፋት

ባልየው ከመንገድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «አሮጊቷ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። ሚስቱም ሁልጊዜ «የትኛዋ?» ትለዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ስቀውበታል። በስምንተኛው ሳምንት የሚስቅ ጠፋ፤ እሱ «ሁለቱም» ይላል፣ እሷ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ የመጋረጃ ጠርዝ ታጥፋለች።

አሮጊቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ አማቷ ናቸው፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ በብረት ተጠግኖ፣ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው እንደገና መራመድ እየተማሩ ነው። ሁለተኛዋ የአማቷ ድመት ናት፤ አስራ ስምንት ዓመቷ። በድመት ሒሳብ ከአማቷም ትበልጣለች። የእሷ ችግር አጥንት አይደለም፤ ጭንቅላቷ ነው።

ላላየው ሰው እንዴት ይነገራል? ይጥላታል። ቁጭ ባለችበት ፊቷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አፏ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ በጎኗ ተዘርራ አራት እግሯን አየር ላይ ታስሮጣለች፤ የት ልትደርስ እንደሆነ እንጃላት። ሲለቃት ሽንቷ ላይ ተኝታ ዓይኗ ይቅበዘበዛል፣ ሰው አትለይም። ከዚያ መዞር ነው። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ወደ ግራ ብቻ ትዞራለች፤ ጠረጴዛውን ትዞራለች፣ ሶፋውን ትዞራለች፣ የሚዞር ሲጠፋ ራሷን ትዞራለች። ሄዳ ሄዳ ግድግዳ ሲገጥማት ግንባሯን ለጥፋ ትቆማለች፤ ሰው መጥቶ ካላዞራት እንደተቀጣ ተማሪ እዚያው ናት። ግራ ገባው ማለት ይሄ ነው። ቃሉን ያወጣው ሰው እሷን አይቶ መሆን አለበት።

መድኃኒቷ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ነው። ምራትየዋ እንክብሉን በምላጭ ለአራት ትከፍላለች፣ ሩቡን ትፈጫለች፣ በቆርቆሮ ዓሣ ዘይት ትበጠብጣለች፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ትስብና በጉንጯ በኩል ትጨምርላታለች። ድመቷ ዋጥ ታደርግና፣ እሰይ ሲባልላት፣ ነጩ የደንበኛ ጨርቅ ላይ እንትፍ! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አሉ። ሰው ረስታለች፣ ሳህኗን ረስታለች፣ መድኃኒት መትፋት ግን አልረሳችም።

ሴትዮዋ ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው፤ የምትሠራውም እዚያው ሳሎን ነው። ከማንም በፊት ተመርጣ ለዚህ ጣጣ የተሰጠችው ቤት ስለምትውል ነው። ቤት የሚውል ሰው ሥራ ያለው አይመስላቸውም። ድመቷ ስትወድቅ እንዳትጎዳ የጠረጴዛውንም የወንበሩንም እግር በስፖንጅ ጠቅልላ፣ በተረፈ የመጋረጃ ቁራጭ ሰፍታ አልብሳዋለች። ሳሎኑ አበባ አበባ እግር ያለው ጠረጴዛና ባለ መስመር እግር ያላቸው ወንበሮች ያሉበት ሆነ። ባሏ አይቶ «አሁን ካልሲያቸውን ማን ሊያጥብ ነው?» አላት። የሚያጥበው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

የእንስሳት ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ናት፣ «እህቴ፣ በወደቀች ቁጥር ሰዓቱንና የቆየበትን ደቂቃ ይጻፉልኝ» ብላታለች። ሌላ ደብተር ስላልነበራት የደንበኞችን ልክ በምትጽፍበት ላይ ጻፈችው። አንድ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙን መጋረጃ ልትቆርጥ ደብተሩን ገለጠች፤ ወርድ፣ ቁመት፣ 2.15። ቆረጠች። ሁለት ሜትር ከአስራ አምስት የመስኮቱ ቁመት ሳይሆን የድመቷ መውደቅ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ከአስራ አምስት ሰከንድ። መስኮቱ ሁለት ሜትር ከስልሳ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ የተሰቀለውን አየና «መጋረጃው ነው ያጠረው ወይስ ሕንፃው አደገ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቤቷ ገብታ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። በመጋረጃው አልነበረም ያለቀሰችው፤ ደክሟት ነው። በሃያ ዓመት ሥራዋ ጨርቅ በስህተት ቆርጣ አታውቅም ነበር።

ታዲያ ለምን ተሸከመችው? አደራ ስለሆነ ነው።

አማቷ የወደቁት በዚችው ድመት ነው። ሳህን ይዘው ከማዕድ ቤት ሲወጡ እሷ እየዞረች እግራቸው ሥር ገባች፤ ላለመርገጥ ዘለሉ፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው። ወለሉ ላይ ተዘርረው፣ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ መጀመሪያ ያሉት «ልጄን ረገጥኳት?» ነው። አምቡላንስ መጥቶ በቃሬዛ ሲወጡ የምራታቸውን እጅ ያዙ።

«ስሚ። ልጄን አደራ። እስክመለስ ብቻ አቆዪልኝ። ከሞተችም እኔ እጅ ላይ ትሙት።»

«እሺ እማማ» አለቻቸው። ሌላ ምን ይባላል?

አማቷ «ልጄ» የሚሉት ድመቷን ብቻ ነው። የወለዱትን እንኳ ከባድ መኪና መንዳት ከጀመረ ወዲህ «ሹፌሩ» ነው የሚሉት። ምራታቸው ደግሞ «የሹፌሩ ሚስት» ናት። ፊት ለፊት ሲሆን «ስሚ» ናት፣ «አንቺ» ናት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሰድበዋት አያውቁም፣ ስትታመም ሾርባ ሠርተውላታል። ግን አስራ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖራ፣ ድመቷ «ነይ ልጄ» ስትባል እሷ «ስሚ» ስትባል፣ የሆነ ቦታ ይቆጠቁጣታል። ለባሏም ተናግራ አታውቅም። በድመት ቀናች ይባላል እንዴ?

በአራተኛው ሳምንት ድመቷ በቀን ሁለት ጊዜ መውደቅ ጀመረች። ሐኪሟ መብራት ዓይኗ ውስጥ አብርታ፣ እግሯን ገልብጣ እንደገና መርገጥ ትችል እንደሆነ አየች፤ ድመቷ እግሯ እንደተገለበጠ ቆመች።

«መድኃኒቱን ጨምሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ አይቻልም» አለቻት ሐኪሟ። «ጭንቅላቷ ውስጥ እያደገ ያለ ነገር ሳይኖር አይቀርም። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የሚነካ አይደለም። እየባሰ ከሄደ ማሳረፉ ነው የሚሻለው።»

«ማሳረፍ ማለት?»

«በመርፌ። አትሰማውም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት «ማሳረፍ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ባልየው በደወለ ቁጥር «እናሳርፋት በቃ» ይላል። «ለእማዬ በራሷ ጊዜ ሞተች እንላታለን።»

«አደራ ተቀብያለሁ።»

«ለድመት?»

«ለእናትህ! አደራ በላ ልታሰኘኝ ነው?»

«ኧረ አንቺም አለቅሽ እኮ።»

«እስኪመጡ ነው። ስድስት ሳምንት ነው የቀረው።»

ለአፍ ዳገት የለውም፤ እሱ መሪ ጨብጦ ያወራል፣ ጨርቅ የምትቀይረው እሷ ናት። ቢሆንም ክፉ አልነበረም፤ እሑድ እሑድ ቤት ይውልና ድመቷን ይጠብቃል፣ እሷ በአውቶቡስ ሄዳ አማቷን ትጠይቃለች። ሌላውን ቀን አማቷ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ።

«ልጄ በላች?»

«በልታለች እማማ።»

«ወደቀች?»

«አንዴ ብቻ።» ሦስቴ ነው።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው።»

ጉንፋን አልነበረም። በስድስተኛው ሳምንት ድመቷ ንጋት ላይ መጮህ ጀመረች፤ ግድግዳ ጥግ ቆማ፣ ከሆዷ የሚወጣ ረጅም ጩኸት። ሴትዮዋ ተነስታ ታዞራታለች፣ ታብሳታለች፣ ታቅፋታለች፤ ድመቷ ማን እንዳቀፋት አታውቅም፣ ትቧጭራታለች። አንድ ንጋት «ሙቺ እንግዲህ! ሙቺና ገላግዪኝ!» ብላ ጮኸችባት። ወዲያው ደነገጠች። ድመቷ ሰምታ ይሁን እንጃ ዝም አለች፤ ግንባሯን ክንዷ ላይ ለጥፋ ቆመች፣ ግድግዳ መስሏት ነው። ሴትዮዋ እስኪነጋ ክንዷን ሳታንቀሳቅስ ተቀመጠች። አትወዳትም ነበር፤ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

በስምንተኛው ሳምንት እሑድ አማቷን ልትጠይቅ ሄደች። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፣ ስለ ድመቷ መናገር ጀመረች፣ ከዚያ የምታስታውሰው ስትነቃ ነው። ጉንጯ ላይ የአንሶላው ክር መስመር ሠርቶበታል፣ የጠያቂ ሰዓት አልቋል፣ አማቷ ትራስ ተደግፈው እያዩዋት ነው።

«ይቅርታ እማማ፣ በጣም ይቅርታ…»

«አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ» አሉ አማቷ። እሷም በመንገዷ ሁሉ ሐፍረት ሲያቃጥላት ሄደ፤ በሽተኛ ልትጠይቅ ሄዳ እንቅልፏን ለጥጣ መጣች!

ባልየው ማክሰኞ ማክሰኞ ጭነት ይዞ በዚያ ከተማ ያልፋል። የዚያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«እማዬ ጋ ገብቼ ነበር። ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝና ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ልጄን አሳርፋት› አለችኝ።»

ሴትዮዋ የስፌት መኪናውን አቆመች። «ምን?»

«‹ልጄን አሳርፋት። ደክማለች፣ በቅቷታል። እስክመጣ መጠበቅ የለባትም› ነው ያለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም እሺ እማዬ ብዬ ስሜያት ወጣሁ፤ መኪናውን መተላለፊያ ላይ ነበር ያቆምኩት።»

«‹ልጄን› ነው ያሉት? እርግጠኛ ነህ?»

«በጆሮዬ! ‹ልጄን አሳርፋት›።»

«ማን ነገራቸው? እኔ ደህና ናት እያልኳቸው ነው እኮ።»

«እናት አይደለች? ገብቷታል።»

አማቷ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ነበር። ሴትዮዋ ይሄንን ሁለት ሳምንት እንደምንም ልትገፋው ወስና ነበር፤ አሁን ግን ተፈቀደላት። ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት መሰላት፤ መቀመጫዋ ላይ እንዳለች ትንሽ ሳቀችም። በማግስቱ ድመቷ ከቁርስ በፊት አራቴ ስትወድቅ ጥርጣሬዋ ሁሉ ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት የልብስ ቅርጫት ውስጥ ፎጣ አንጥፋ፣ ድመቷን አስተኝታ፣ በእግሯ ወደ ክሊኒኩ ወሰደቻት።

«ባለቤቷ እርስዎ ነዎት?» አለቻት ሐኪሟ የሚፈረመውን ወረቀት እየሰጠቻት።

«አማቴ ናቸው። ፈቅደዋል። ‹ልጄን አሳርፋት› ብለዋል።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። የድመቷን የፊት እግር ትንሽ ላጨች። መጀመሪያ የሚያስተኛውን ወጋቻት፤ ድመቷ ከስንት ጊዜ በኋላ አንገቷ ቀና አለ፣ ዓይኗም መቅበዝበዙን ተወ። ሴትዮዋ በሁለት እጇ አቅፋታለች። ያቺ ስትዞር የኖረች ድመት ጸጥ ብላ አየቻት፣ ወይም ያየቻት መሰላት። ከዚያ ሁለተኛው መርፌ። ሴትዮዋ «ይቅር በዪኝ» አለቻት፤ ስለ መርፌው ሳይሆን ስለዚያ ንጋት ጩኸት። ሐኪሟ አዳምጣ «አረፈች» አለች።

ባዶ ቅርጫት ይዛ ቤቷ ገባች። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እማማ» አለች፣ «እንዳሉት አደረግን። ዛሬ ጠዋት።»

«ሹፌሩ ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

«እሰይ! እኔ እኮ ቀደም ብዬ ማለት ነበረብኝ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። ለራሴ ስል ነው ዝም ያልኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ። አሁን ቀለለሽ?»

«ቀለለኝ። ግን… ከበደኝም እማማ።»

«ትለምጂዋለሽ። ያቺ መራመድ እያስተማረች እግሬን የምታሰቃየኝ ልጅ መጣች፤ ስወጣ እናወራለን።» ዘጉት።

ሴትዮዋ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው? አስራ ስምንት ዓመት «ልጄ» ያሏት ሞታ «እሰይ»? ከዚያ በኋላም ስለ ድመቷ አንድም ቀን አልጠየቁም፤ እሷ ድምፃቸው ስለከበዳት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳን ታጠፋለች፣ ለባሏ ሲደውሉለትም «ደህና ነን፣ አርፋለች» እያለ ይመልስላቸዋል፤ እሳቸውም «ተዋት ታርፍ፣ አትቀስቅሳት» ይላሉ። ጆሮ የሚሰማው የጠበቀውን ነው። ባልና ሚስቱም «ሐዘኑ አልወጣላቸውም፣ አታንሱብኝ ማለታቸው ነው» ተባባሉና ተዉት።

አማቷ የተመለሱት አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ፣ ልጃቸው ከኋላ ሻንጣ ይዞ፣ ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሶፋው ሥር እያዩ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣

«ልጄ! የት ነሽ? መጣሁልሽ እኮ!»

ባልና ሚስት ተያዩ። ማደንዘዣው አእምሮአቸውን ነክቶት ይሆን?

«እማማ» አለች ምራትየዋ ቀስ ብላ፣ «አሳርፈናት የለ እንዴ? እንዳሉት…»

«ማንን?»

«ድመቷን።»

«ድመቷን ምን አደረጋችሁ?»

አማቷ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ አዩ፤ ገባቸው።

«እኔ ድመቴን ግደሉ አልኩ?»

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያልሽኝ!» አለ ባልየው። «እጄን ይዘሽ ‹ልጄን አሳርፋት› አላልሽም? ‹ደክማለች፣ በቅቷታል› አላልሽም?»

«ብያለሁ! እሷን ነዋ!» ጣታቸውን ወደ ምራታቸው ቀሰሩ፣ ያለ ምርኩዝ ተንገዳገዱ። «ይቺን! ወንበር ላይ እንደተቀመጠች የተኛችውን! ሁለት ሰዓት ሙሉ አየኋት፤ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጇ ተቧጭሮ። ፈቃድ ወስደህ ቤት ግባ፣ ሰው ፈልግላት፣ አሳርፋት ነው ያልኩት! ስለ ድመቷ መጠየቄን እንኳ የተውኩት እሷ እንድታርፍ ነው! ድመት አሳርፍ የሚል ሰው የት አገር አለ?»

ምራትየዋ ግድግዳውን ተደገፈች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያመቀችው ነገር ያን ጊዜ ፈነዳ።

«እኔን? እኔን መቼ ‹ልጄ› ብለውኝ ያውቃሉ? መቼ? ‹ስሚ› ነኝ፣ ‹የሹፌሩ ሚስት› ነኝ! በምን አውቄ እኔ ነኝ ልበል? በዚህ ቤት ልጅዎ ድመቷ ናት፤ ልጄን አሳርፋት አሉ፣ አሳረፍኳት! በዚህ እጄ!»

ባልየው «ኧረ በቃሽ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እናቱ በእጃቸው አስቆሙት። ወንበር ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «አንድም ቀን ብዬሽ አላውቅም። ለሰው ነው የምለው። ለጎረቤት፣ ለነርሶቹ፤ ‹ልጄ ትመጣለች እሑድ› ስል ነው የከረምኩት። ላንቺ ማለት… እንጃ። አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።»

ከዚያ አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው።

«እጅሽ ላይ ነበረች?»

«እጄ ላይ።»

«ጮኸች?»

«አልጮኸችም እማማ። አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ የገደልኳት። አንቺ አይደለሽም፣ ሹፌሩም አይደለም። ቃሉን አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሰጥቼሽ ቢሆን ዛሬ በሩ ላይ ትቀበለኝ ነበር።» ፊታቸውን በአንድ እጃቸው አበሱ፤ ሌላው ምርኩዙን አልለቀቀም። «አሁን ሂጂ ተኚ።»

«ምሳ አልበሉም፣ መድኃኒትዎንም…»

«ሹፌሩ እጅ የለውም? ተኚ አልኩሽ። ነገ አብረን እናለቅስላታለን።»

ሄደች። ልታለቅስ ነበር የሄደችው፤ ትራሱንም ለዚያው ብላ ነው ያቀፈችው። ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እስከ ማግስቱ አምስት ሰዓት አልነቃችም፤ መባነን የለ፣ ሕልም የለ። በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። ሰው ስለ ድመቷ ሲጠይቃት ሁሉን ትናገራለች፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ መርፌው፣ ባሏ ስላደረሰው ቃል። ስለዚያ እንቅልፍ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ታፍራለች።